«ብርድ ነው» እና ሌሎች ስህተቶቼ

ደብረ ብርሃን ውስጥ «ሰውነቴን ይቆረጥመኛል» ካሉ መልሱ አንድ ነው፤ «ብርድ ነው!» 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ በሙቀት አትታማም። እኔም ጋቢ እየደረብኩ ዓመታት ቆየሁ። ብርድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቆላው ሸዋ ሮቢት ስወርድ ይተወኝ ነበር። አልተወኝም።

ሁለተኛው ስህተቴ ገንዘብ ፈጀ። ራጅ፣ የደም ምርመራ፣ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዤ አዲስ አበባ ኤምአርአይ። ውጤቱ ሁሌም «ምንም የለብሽም» ነው። እንዲህ ሲባል ሰው ወይ ማሽኑን ይጠረጥራል፣ ወይ ራሱን። በኋላ አንዲት ሐኪም ቁጭ አድርጋ አስረዳችኝ። ሌባ አንዴ የገባበት ግቢ ውሻ ከዚያ በኋላ ቅጠል ሲወድቅም ይጮኻል። ጩኸቱ እውነት ነው፤ ሌባ ግን የለም። የአከርካሪና የአንጎል ነርቮችም እንዲህ ሊሆኑ ይችላሉ። መነካቱን፣ አንዳንዴ መታቀፉን ሳይቀር ሕመም ያደርጉታል። እንዲህ ካሉት ሕመሞች አንዱ፣ ሰውነትን በብዙ ቦታ የሚያመው ፋይብሮማያልጂያ ነው። በ1990 እ.ኤ.አ. በወጣው መስፈርት ሐኪም 18 ቦታ ሲጫን ቢያንስ 11ዱ ማመም ነበረባቸው። ዛሬ ግን ሕመሙ የት የት እንደተሰራጨ፣ እንቅልፍና ድካም ይጠየቃል፤ ቢያንስ 3 ወርም የቆየ መሆን አለበት። ራጅ ላይ አይታይም።

ዲክሎፌናክ የሚባለውን የሕመም ማስታገሻም እንደ ቆሎ ቃምኩት። ብግነት (የሰውነት መቆጣት) ለሌለበት ሕመም ብዙም አይፈይድም፤ ጨጓራና ኩላሊት ግን ይጎዳል። ሐኪሟ ማታ ማታ የሚወሰድ አነስተኛ አሚትሪፕቲሊን አዘዘችልኝ። «የድብርት መድኃኒት» መሆኑን ስሰማ እብድ ነሽ የተባልኩ መስሎኝ ሳምንት አኮረፍኩ። ለካ በአነስተኛ መጠን ለሕመምና ለእንቅልፍም ይሰጣል።

ከሁሉ የፈተነኝ ግን ደህናው ቀን ነው። ሻል ሲለኝ ገብስ እፈትጋለሁ፣ እንጀራ እጋግራለሁ፣ ጋቢ አጥባለሁ። ከዚያ ሦስት ቀን አልጋ። ከዚያ ደግሞ ፈርቼ ጭራሽ አልንቀሳቀስም፤ ውሻው ይብስበታል። አሁን ቢያመኝም ባያመኝም በቀን 10 ደቂቃ እራመዳለሁ። ሲለመድልኝ ትንሽ እጨምራለሁ። ጎረቤት «ምን ሆና ነው የምትዞረው?» ይላል። ይበል።

ወጌሻ ጋ በኃይል መታሸት? እኔን አባሰብኝ እንጂ አልጠቀመኝም። ጻድቃኔ ማርያም ጸበል ሄጃለሁ፤ መድኃኒቴን ግን አላቋረጥኩም።

አንድ ቀረኝ፤ ሁሉንም በነርቭ ማሳበብ። እግር ከዛለ፣ ሽንት ካመለጠ፣ ትኩሳት ካለ ወይም ያለ ምክንያት ከከሱ፣ ውሻው እውነተኛ ሌባ አይቶ ሊሆን ይችላል። ያኔ ነገ ዛሬ ሳይሉ ሐኪም ቤት ነው።