ቢራን ከበርሜል ወደ ጠርሙስ፦ አረፋው እንዳያስቸግራችሁ

ቤት የጠመቃችሁትን ቢራ ከበርሜል ወደ ጠርሙስ ስትቀዱ ግማሹ አረፋ ሆኖ ይቀራል? ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የጠርሙሱ ነው። ጋዝ ቀዝቃዛ ፈሳሽ ውስጥ ይረጋል፤ ሞቅ ያለ ነገር ሲነካው ግን ቱግ ብሎ ይወጣል። ስለዚህ ጠርሙሶቹን አጥባችሁ፣ በፀረ ጀርም አለቅልቃችሁ ፍሪጅ ውስጥ ክተቷቸው። እንደ ቢራው ይቀዝቅዙ። ውስጣቸው እርጥብ ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው።

ቀጥሎ ግፊቱ። ወደ በርሜሉ ጋዝ የሚያስገባውን መስመር ዝጉና በርሜሉ አናት ላይ የታመቀውን አስተንፍሱ። ከዚያ የጋዙን ግፊት 2 ወይም 3 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ላይ አድርጋችሁ መልሳችሁ ክፈቱ። ቢራው ቀስ ብሎ ይውረድ እንጂ አይንደርደር።

እኔ መጀመሪያ ላይ ከጠርሙሱ አፍ ነበር የማንቆረቁረው፤ ከቢራው ይልቅ ወለሉን ስወለውል አመሸሁ። አሁን ጠርሙሱ ሥር ድረስ የሚደርስ ቱቦ ቧንቧው ላይ እሰካና ከታች ወደ ላይ እሞላለሁ። መጨረሻ ላይ ትንሽ አረፋ አፉ ላይ ሲደርስ ቆርኪውን ወዲያው እላዩ ላይ ግጠሙ። አረፋው አየሩን ገፍቶ ያስወጣዋል። አየር ከቀረ ቢራው ቶሎ ያረጃል፤ እርጥብ ካርቶን ካርቶን ይላል።

ስኳር ግን እንዳትጨምሩ! ቢራው ጋዙን አንዴ ይዟል። እርሾው እንደገና ሥራ ከጀመረ ጠርሙሱ ሊፈነዳ ይችላል። የሞላችሁትን ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡ፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ጠጡት።