ግድግዳው ተቀባ፣ ደረጃው ተላጠ

አክስቴ ጅማ ያለውን ቤቷን ለበዓል ልታስቀባ ቀቢ ቀጠረች። ግድግዳው ወተት መሰለ። ደረጃው ግን ጉድ ሆነ። ከዋንዛ የተሠራ ደረጃ ነው፣ ያለ ቀለም በቫርኒሽ ብቻ የሚያበራ። ሦስተኛው መርገጫ ላይ ቀለም እንዳይነካው የተለጠፈው የወረቀት ፕላስተር ሲነሳ ቫርኒሹን እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይዞት መጣ። ከፍ ብሎ ነጭ ጠብታ አለ። ባልዲ ያደረበት መርገጫ ላይ ደግሞ ክብ፣ ጉም የመሰለ ምልክት ቀርቷል።

ቀቢው "ችግር የለም፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈተግ አድርገን እንደርብበታለን" አለ። እኔ ግን "ቆይ" አልኩት። ጉዳቶቹ መንስኤያቸው ይለያያል። ዋንዛ ደግሞ ለስላሳ እንጨት ነው፣ ቸኩለው ከፈተጉት ይጎደጉዳል።

መጀመሪያ፦ የተቀባው ምንድን ነው?

ሰው የማያየው ጥግ ላይ አንድ ጠብታ አልኮል ጣል አድርጉ። አንድ ደቂቃ ቆይታችሁ በጣት ንኩት። ከተጣበቀ አናጢዎች ጎማላካ የሚሉት የድሮው ዓይነት ነው። ምንም ካልሆነ ሌላ ቦታ ላይ ቲነር ሞክሩ። እንደ ማር ከሟሟ ናይትሮ የሚባለው፣ በቲነር የሚቀጥነው ቫርኒሽ ነው። ካበጠና ከተሸበሸበ የዘይት ቫርኒሽ ነው። ንቅንቅ ካላለ በደንብ የደረቀ ፖሊዩረቴን የሚባለው ጠንካራ ቫርኒሽ ሳይሆን አይቀርም። የአክስቴ የዘይት ቫርኒሽ ሆኖ ተገኘ።

የቀለም ጠብታ

የግድግዳ ፕላስቲክ ቀለም ከሆነ ቀላል ነው። በሞቀ ውሃ የተነከረ ጨርቅ አምስት ደቂቃ ጫኑበት፣ ከዚያ በጥፍር ወይም በአሮጌ ኤቲኤም ካርድ ግፉት። እምቢ ካለ ጨርቅ ጫፍ ላይ ትንሽ አልኮል። ጎማላካና ናይትሮ ላይ ግን አልኮል አታስጠጉ፣ ጠብታውን ከነቫርኒሹ ያነሳዋል። የዘይት ቀለም ከሆነ ሳይደርቅ በአኳራጅ (ከቲነር የለዘበ የዘይት ቀለም ማቅጠኛ) ይጠረጋል። ከደረቀ በኋላ ምላጭ አጋድማችሁ ቀስ ብላችሁ ላጡት። ቲነር ለማንሳት እጃችሁ እንዳይቸኩል፣ ቫርኒሹንም አብሮ ይበላል።

ክብ ነጭ ጉም

እርጥበት ነው። ባልዲው ሥር የቀረ ውሃ ቫርኒሹ ውስጥ ገብቶ ታፍኗል። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የሚወርድባት ከተማ ናት፤ በክረምት ሳምንቱን ሙሉ የማይደርቅ ልብስ ያለው ሰው ይህን አያጣውም። መድኃኒቱ ትዕግሥት ነው። መስኮት ክፈቱና ሁለት ሦስት ቀን ተዉት። ካልጠፋ የፀጉር ማድረቂያ በዝቅተኛ ሙቀት ከአንድ ክንድ ርቀት እያንቀሳቀሳችሁ አሙቁት። የአክስቴ ጉም በሦስተኛው ቀን በራሱ ለቀቀ። እንጨቱ ራሱ ከጠቆረ ግን ውሃው ከቫርኒሹ አልፏል፣ መላጥ ግድ ነው።

ጭረት

ስቱኮ ሲፈተግ የወረደ አቧራ ደረጃው ላይ በተነጠፈው ፕላስቲክ ሥር ገብቶ፣ ሰው ሲረግጠው እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሆናል። አኳራጅ በጨርቅ ቀቡበት። ጭረቱ እርጥብ ሳለ ከጠፋ ቫርኒሹ ላይ ብቻ ነው፤ በ240 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ለስለስ አድርጎ አንድ እጅ መደረብ ይበቃል። እርጥብ ሆኖም ነጣ ብሎ ከታየ እንጨቱ ተነክቷል።

ከፕላስተር ጋር የተነሳው ቫርኒሽ

እዚህ ላይ ነው የቆየነው። ሁሉም ሰው ፕላስተሩን ይረግማል። እርግጥ ነው፣ ፕላስተር ሳምንት ሙሉ ተለጥፎ ከቆየ ሙጫው ይጠነክራል፤ ሲነሳም ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ ከመንጨት ወደ ኋላ አጥፎ ቀስ እያሉ መሳብ ይሻላል። ግን በደንብ የያዘ ቫርኒሽ በወረቀት ፕላስተር አይነሳም።

የተላጠው ቦታ ላይ አንድ ጠብታ ውሃ ጣል አደረግኩ። ባዶ እንጨት ውሃ መጠጣት ነበረበት። ጠብታው ግን እንደ ዶቃ ተድቦልቡሎ ቆመ። "አክስቴ፣ ይሄ ደረጃ ቫርኒሽ ከመቀባቱ በፊት ምን ይቀባ ነበር?" አልኳት። "ሰም ነዋ! በየበዓሉ ተንበርክኬ የወለወልኩት እኔ አይደለሁ?" አለችኝ። አለቀ። ቫርኒሹ ዓመታት ሙሉ የተቀመጠው እንጨት ላይ ሳይሆን ሰም ላይ ነው።

ስለዚህ የተላጠውን ብቻ መጠገን ዋጋ የለውም። አጠገቡ ያልተላጠው ቦታ ላይ በምላጭ የመስቀል ምልክት ጭረን፣ ፕላስተር ለጥፈን ሳብነው። ተነሳ። እናንተም ይህን ሞክሩ። ካልተነሳ ጥገናው የተላጠውን ማለስለስና መደረብ ነው፤ ከተነሳ መርገጫውን በሙሉ ላጡት።

ቫርኒሹ ከተፋቀ በኋላ አኳራጅ በነከረ ጨርቅ ሰሙን ጥረጉ። ጨርቁን ቶሎ ቶሎ ቀይሩ፣ አለበለዚያ ሰሙን እያዞራችሁ ነው የምትቀቡት። የውሃ ጠብታው ሲሰራጭና እንጨቱ ሲጠጣው ሰሙ ለቅቋል ማለት ነው። ከዚያ በ120፣ ቀጥሎ በ180 ቁጥር የእንጨቱን መስመር ተከትሎ መፈተግ፣ አቧራውን ማንሳት። የመጀመሪያውን እጅ በአኳራጅ ትንሽ አቅጥኑት፣ እንጨቱ ውስጥ እንዲገባ። ከዚያ ሁለት ስስ እጅ፣ በየመሃሉ 24 ሰዓትና በ240 ቁጥር ቀላል ፍተጋ። ዝናብ ከሆነ ቀኑን ጨምሩ። ወፍራም የተቀባ ቫርኒሽ ላዩ ደርቆ ውስጡ ይጣበቃል።

ጥገና በመርገጫው መሃል አይቁም። መሃል ላይ የቆመ ጥገና መብራት ሲያርፍበት እንደ ድሪቶ ይታያል። ከጠርዝ እስከ ጠርዝ፣ ሙሉ መርገጫ።

የቫርኒሽ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ጥግ አትጣሉ። የዘይት ቫርኒሽ ሲደርቅ ይሞቃል፣ የተጠቀለለ ጨርቅ ያለ ክብሪት ሊነድ ይችላል። ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት።

ሰው ፎቅ መውጣቱ ስለማይቀር አንዱን መርገጫ ቀብተን ሌላውን ዘለልን፣ ሲደርቅ ደግሞ የተዘለሉትን። አክስቴ ጀበናዋን ይዛ በየሁለት ደረጃ ስትራመድ አጉረመረመች። ከ24 ሰዓት በኋላ በካልሲ ወጣን፣ ጫማ በአራተኛው ቀን ፈቀድን። ምንጣፉን ከሁለት ሳምንት በፊት እንዳታነጥፍ ብነግራት፣ "እንግዳ ሲመጣ ምን ልበል?" አለች። ጫማ አውልቁ በያቸው አልኳት።