ሕንድን ከሐበሻ አሻራ ተነስቶ እንዴት መጎብኘት ይቻላል

የሕንድ ገንዘብ፣ ሩፒ፣ መጀመሪያ እጅዎ ሲገባ ገልበጥ አድርገው ይዩት። ከፊት በሂንዲና በእንግሊዝኛ፣ ከጀርባው ደግሞ በጠባብ ሣጥን ውስጥ ከላይ ወደ ታች ተደርድሮ በሌሎች 15 ቋንቋዎች ያው አንድ ነገር ተጽፏል፤ «መቶ ሩፒ»። ፊደሎቹ ብዙዎቹ አይመሳሰሉም። 28 ክልሎች፣ በማዕከላዊው መንግሥት ሥር ያሉ 8 ግዛቶችና ከ1.4 ቢሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት አገር ናት። በሁለት ሳምንት ሁሉንም ልይ ያለ ሰው ይዞ የሚመለሰው የአውሮፕላን ማረፊያና የሆቴል ትዝታ ብቻ ነው።

ከእኛ አገር ወደ ሕንድ የሚሄደው ብዙው ሰው ለሕክምና፣ ለትምህርት ወይም ለንግድ ነው። እኔ የሄድኩት ወንድሜን ላስታምም ነበር። ከሕክምናው በኋላ «ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለሱ» ተባልን፤ እሱም እየተሻለው ስለነበር ቀናቱን ሆቴል ውስጥ ተኝተን ከምናሳልፋቸው ብለን ወጣን። ያኔ የገባኝን ነው የምጽፈው፦ ለእኛ ሰው ሕንድን ማወቅ የሚቀለው የራሳችን ሰዎች የረገጡትን መንገድ ሲከተል ነው። መንገዱ አለ፤ ብዙዎቻችን ግን አልተነገረንም።

1. ከመነሳትዎ በፊት

ከሁሉ በፊት የቢጫ ወባ ክትባት ካርድዎን ይያዙ። ከኢትዮጵያ የሚመጣ መንገደኛ ይህንን ይጠየቃል፤ ክትባቱም ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀደም ብሎ የተወሰደ መሆን አለበት። ካርድ የሌለው ሰው ለይቶ ማቆያ ሊገባ ይችላል። ቪዛዎ ጉዳይዎን የሚገልጽ ይሁን፤ ታካሚና አስታማሚ የየራሳቸው ዓይነት ቪዛ አላቸው።

ጥሩው ወቅት ከጥቅምት እስከ የካቲት ነው። ክረምታቸው ከእኛው ጋር ይገጥማል፤ በሚያዝያና በግንቦት ደግሞ የሰሜኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል። በታኅሣሥና በጥር ዴልሂን ጉም ስለሚሸፍናት ባቡር ይዘገያል፤ የመመለሻ በረራዎን በዚያው ቀን አያድርጉት።

2. አንድ ክልል ይምረጡ፤ የእኔ ምርጫ ማሃራሽትራ ነው

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ክልሉ ዋና ከተማ ወደ ሙምባይ ይበራል። ከዚያ በባቡር ሰባት ሰዓት ገደማ ተጉዘው አውራንጋባድ ይደርሳሉ። ከተማዋ ከ2023 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በይፋ ቻትራፓቲ ሳምባጂናጋር ስለምትባል ካርታ ላይ ሁለቱንም ስም ይፈልጉ።

ይህችን ከተማ በ1610 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም እንዲሁ) ካድኪ በሚል ስም የቆረቆራት ሐበሻ ነው። በ1548 አካባቢ ኢትዮጵያ ውስጥ ተወለደ፤ ስሙ ቻፑ ይባል ነበር። በልጅነቱ ለባርነት ተሽጦ፣ ባሕር ተሻግሮ ባግዳድ ደረሰ፤ እዚያ አስተማሩት፣ አምባር የሚለውንም ስም ሰጡት። ከዚያ ወደ ሕንድ ተወሰደ። የገዛው የአህመድናጋር መንግሥት ሹም ራሱ በባርነት የመጣ ሐበሻ ነበር። ጌታው ሲሞት አምባር ነጻ ወጣ፤ ጥቂት ፈረሰኞች ሰብስቦ ጀመረ፤ በ1600 ሰሜን ሕንድን ይገዙ የነበሩት የሙጋል ነገሥታት ጦር አህመድናጋርን ሲይዝ እሱ ከንጉሡ ዘር አንድ ወጣት አንግሦ አገሩን በእንደራሴነት ያዘ። ማሊክ አምባር የሚባለው ይኸው ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ያህል የሙጋሎቹን ጦር በደፈጣ ውጊያ መፈናፈኛ አሳጣው። የሙጋሎቹ ንጉሠ ነገሥት ጃሃንጊር በጦርነት ሊጥለው ስላልቻለ በሥዕል አስገደለው፦ እሱ ቀስት ገትሮ የአምባርን ራስ ሲወጋ የሚያሳየው ሥዕል ዛሬም አለ። አምባር ግን በ1626 በዕድሜው ሞተ።

ለከተማይቱ ውሃ ያመጣላት ከኮረብታዎቹ በመሬት ውስጥ በተዘረጋ ቦይ ነው። አሸንፎ የሚያጠፋ ጦረኛ ብዙ ነው፤ ከተማ ቆርቁሮ ውሃ የሚያስገባ ግን ጥቂት ስለሆነ እኔን ይበልጥ የነካኝ ይህ ነው።

ቀኑን እንዲህ ያድርጉት። በጠዋት መኪና ይከራዩ፤ መጀመሪያ ፀሐይ ሳይበረታ የዳውላታባድን ምሽግ ይውጡ። ከዚያ ወደ ኩልዳባድ ይቀጥሉ፤ የማሊክ አምባር መቃብር እዚያ ነው። ሾፌሩ ግር ካለው «ማሊክ አምባር ካ ማክባራ» ይበሉት። ጉልላት ያለው የድንጋይ ሕንጻ ነው፤ እኛ በሄድንበት ቀን ከአንድ ጠባቂ በቀር ማንም አልነበረም። ወንድሜ ነጠላ ጫማውን አውልቆ ገባና ከመቃብሩ ራስጌ ብዙ ቆመ። ሽማግሌው ጠባቂ ከየት እንደመጣን ጠየቀን፤ ስንነግረው «ሐብሺ!» አለና እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። በዚያችው ከተማ የጃሃንጊር የልጅ ልጅ አውራንግዜብም ተቀብሯል፤ የእሱ መቃብር ጣሪያ እንኳ የለውም።

ከሰዓት በኋላ ኤሎራ ይግቡ፤ ከኩልዳባድ ጥቂት ደቂቃ ነው። ማክሰኞ ዝግ መሆኑን አይርሱ። 34 ዋሻዎች አሉ፤ የቡድሃ፣ የሂንዱና የጃይን እምነት ሰዎች ጎን ለጎን የፈለፈሏቸው ናቸው። ጊዜ ካጠረዎ ቁጥር 16ን ብቻ ይዩ፤ ካይላሳ ይባላል። በ8ኛው ክፍለ ዘመን ከአንድ ወጥ ዓለት፣ ከላይ ወደ ታች የተፈለፈለ ቤተ መቅደስ ነው። ከመግባትዎ በፊት በጎኑ ባለው መንገድ ኮረብታው ላይ ወጥተው ከላይ ይመልከቱት። ላሊበላ ሄዶ በቤተ ጊዮርጊስ ጉድጓድ አፋፍ ላይ የቆመ ሰው ያንን ስሜት ወዲያው ያውቀዋል። አንዱ ከሌላው ተማረ ለማለት ማስረጃ የለም፤ በዘመንም በአራት መቶ ዓመታት ያህል ይራራቃሉ። ግድግዳውን ቀርበው ቢያዩት ግን የመሮው ጫፍ የተወው ጭረት እንዳለ ነው፤ ጠራቢው ማረፊያ ወስዶ የሄደ ይመስላል።

ጉልበትና ቀን ከተረፈ አጃንታ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሰኞ ይዘጋል።

3. ባቡሩን ይልመዱ

ትኬት የያዘ ሁሉ መቀመጫ አለው ማለት አይደለም። ትኬቱ ላይ «ደብሊው ኤል» ከተጻፈ ገና ተራ እየጠበቁ ነው፤ «አር ኤ ሲ» ከሆነ መሳፈር ይችላሉ፣ መቀመጫውን ግን ከሌላ ሰው ጋር ይጋራሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሳፈር «ሦስተኛ ኤሲ» የሚባለው ማዕረግ ይበቃል፤ መኝታው ሦስት ደርብ ነው፣ አንሶላና ብርድ ልብስ ይሰጣሉ። ሰዓቱ በ24 የሚቆጠር ስለሆነ 16:30 ማለት በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10:30 ነው። የእነሱ ሰዓት ከአዲስ አበባ በሁለት ሰዓት ተኩል ይቀድማል።

በኒው ዴልሂ ጣቢያ ውስጥ ለውጭ አገር ሰዎች ትኬት የሚሸጥ ቢሮ አለ። በር ላይ ቆሞ «ተዘግቷል፣ ሌላ ቦታ ልውሰድህ» የሚል ሰው ያጋጥምዎታል፤ አይስሙት፣ ዝም ብለው ወደ ላይ ይውጡ።

ለአጭር መንገድ ባጃጅ አለ። እዚያ ግን ባጃጅ ብለው አይጥሩት፤ ባጃጅ የሠሪው ፋብሪካ ስም ነው፣ እነሱ «ኦቶ» ነው የሚሉት። ዋጋ ሳይስማሙ አይግቡ፤ ዝርዝር ገንዘብም ይያዙ።

4. በጾም ወቅት ከሆነ

በታሸገ ምግብ ላይ በአረንጓዴ አራት ማዕዘን ውስጥ አረንጓዴ ነጥብ ካዩ ሥጋ የለበትም ማለት ነው። ምግብ ቤቶችም «ቬጅ» ብለው ይጽፋሉ። ነገር ግን የእነሱ ቬጅ የእኛ ጾም አይደለም፤ ወተት፣ እርጎ፣ አይብና «ጊ» የሚባለው ንጥር ቅቤ ይገባበታል። ስለዚህ «ጊ ናሂ፣ ዱድ ናሂ፣ ዳሂ ናሂ» ይበሉ፤ ቅቤም ወተትም እርጎም አይግባ ማለት ነው። በደቡብ ሂንዲ ብዙም ስለማይሠራ በእንግሊዝኛ ይንገሯቸው።

ኬረላ ሲደርሱ አፓም ይዘዙ። ከሩዝና ከኮኮናት ወተት ተቦክቶ የሚጋገር ነው፤ መሐሉ ለስለስ ብሎ ዓይን ያወጣል። በቀኝ እጅ ቆርሰው ወጥ ሲያጠቅሱበት እናት ቤት ያሉ ይመስልዎታል።

ዴልሂ ውስጥ ከሆኑ የሲኮች ቤተ ጸሎት፣ ባንግላ ሳሂብ፣ ማንም ሰው መሬት ላይ ተቀምጦ በነጻ የሚበላበት ማዕድ አለው። ጫማ ይወልቃል፣ ራስ ይሸፈናል። ነጠላ ይዘው ከሄዱ በየቤተ መቅደሱ ያገለግልዎታል።

5. ታጅ ማሃልስ?

ይዩት እንጂ! አርብ ግን ዝግ ነው። የጃሃንጊር ልጅ ንጉሠ ነገሥት ሻህ ጃሃን በ14ኛ ልጇ ወሊድ በ1631 ለሞተችው ሚስቱ ለሙምታዝ ማሃል ያሠራው ነው። ከዴልሂ በፈጣን ባቡር በሁለት ሰዓት ገደማ አግራ ይደርሳሉ፤ በማለዳ ገብተው እኩለ ቀን ሳይሆን ይውጡ። ከዚያ ወደ አግራ ምሽግ ይሂዱ፤ ሻህ ጃሃን በገዛ ልጁ በአውራንግዜብ ታስሮ እስኪሞት ድረስ መቃብሯን ያይ የነበረው ከዚያ ነው።

ወደ ጉጃራት የሚወጣ ሰው ደግሞ አህመዳባድ ውስጥ የሲዲ ሰኢድን መስጊድ እንዳያልፍ። በ1572 እና 73 ያሠራው ሐበሻ ነው፤ በመስኮቱ ድንጋይ ላይ የተፈለፈለው ዛፍ የከተማዋ መለያ ሆኗል።

6. በኮቺ ይጨርሱ

በኬረላዋ የወደብ ከተማ ኮቺ፣ በቅዱስ ፍራንሲስ ቤተ ክርስቲያን ወለል ላይ የፖርቱጋላዊው መርከበኛ የቫስኮ ዳ ጋማ የመቃብር ድንጋይ አለ። በ1524 እዚህ ተቀበረ፤ በኋላ አጽሙ ወደ ሊዝበን ተወስዷል። ልጁ ክሪስቶፎር ከዚሁ ከሕንድ ተነስቶ በ1541 ከ400 ወታደሮች ጋር ምጽዋ የወረደው፣ በዓመቱም በእኛ አገር የተገደለው ነው።

እሑድን ግን ለኮታያም ያቆዩት። የማላንካራ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን መቀመጫ እዚያ ነው፤ ምእመናኑ በ52 ዓ.ም. ቅዱስ ቶማስ እንደሰበካቸው ያምናሉ፣ ከኢትዮጵያ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ጋርም በእምነት አንድ ናቸው። በ1965 (እ.ኤ.አ.) አዲስ አበባ በተደረገው የእህትማማቾቹ አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ ላይ የእነሱም አባቶች ተቀምጠዋል። በማለዳ ይድረሱ፣ ጫማዎን ውጭ ያውልቁ፣ ሴቶች ነጠላ ይልበሱ፤ ወንዱ በአንድ ወገን፣ ሴቱ በሌላው ይቆማል። ቅዳሴው በማላያላም ስለሆነ አንድም ቃል አይገባዎትም። ከዚያ መሐል ሕዝቡ በአንድ ድምፅ «ኩሪየላይሶን» ይላል። በስቅለት ቀን ስንሰግድ የምንለው ነው፤ ወንድሜም እኔም ሳናስበው አብረን መለስን።