ልብ ሲደልቅ፣ እንቅልፍ ሲጠፋ፦ የጭንቀት ሆርሞኖች ችግርና መፍትሄ

ችግር፦ ልብ ድንገት ይደልቃል፣ መዳፍ ያልበዋል፣ አፍ ይደርቃል።

ድሬዳዋ፣ መጋላ ሰፈር ላይ ባጃጅ ለጥቂት ስቶዎት ሲያልፍ የሚሰማዎት ይኸው ነው። አሚግዳላ የተባለው የአንጎል ክፍል አደጋውን ሃይፖታላመስ ለተባለው ሌላ የአንጎል ክፍል ያሳውቃል፤ እሱ በነርቭ በኩል ከኩላሊት በላይ ያሉትን አድሬናል ዕጢዎች ያዛል። ፈጣኑ የጭንቀት ሆርሞን አድሬናሊን በሴኮንዶች ውስጥ ደም ውስጥ ይገባል። ግማሹ በ3 ደቂቃ ገደማ ስለሚወገድ፣ ሌላ ድንጋጤ ካልተጨመረበት ራሱ ይበርዳል።

መፍትሄ፦ 4 ሴኮንድ በአፍንጫ ይሳቡ፣ 6 ሴኮንድ ያስወጡ፤ ለ5 ደቂቃ። ልብን የሚያረጋጋው ቬገስ ነርቭ የሚበረታው አየር ሲወጣ ነው። ቶሎ ቶሎ በረጅሙ መሳብ ግን ጣት ያደነዝዛል፣ ያዞራል፣ ድንጋጤውንም ያብሳል።

ችግር፦ ከበርጫ (ጫት ከመቃም) በኋላ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ዓይን አይከደንም።

እዚህ አንጎል ምንም አደጋ አላየም። ካቲኖን የተባለው የጫቱ አነቃቂ ከነርቭ ጫፎች ኖርአድሬናሊን (የአድሬናሊን ዘመድ) እያስወጣ ልብን ያፈጥናል፣ ግፊትን ይጨምራል። ቅጠሉ ትኩስ ሲሆን ካቲኖኑ ይበዛል፤ ሲደርቅ ወደ ደካማው ካቲን ይለወጣል። ቡና ከታከለበት ደግሞ የካፌይኑ ግማሽ ከ5 ሰዓት ገደማ በኋላም ደም ውስጥ አለ። በድሬ ሙቀት ውሃ ካልጠጡ የልብ ምቱ ይብሳል።

መፍትሄ፦ መጠኑን ይቀንሱ፣ በጊዜ ይጨርሱ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ቡና ይቅር። ጨብሲ (ከጫት በኋላ የሚጠጣ አልኮል) መፍትሄ አይደለም፦ አልኮል ያስተኛል፣ ግን ከሌሊቱ አጋማሽ በኋላ እንቅልፍ ይቆራርጣል። የደም ግፊት ያለበት ሰው ባይቅም ይሻላል።

ችግር፦ ለሳምንታት ድካም፣ ቁጣ፣ ሌሊት መንቃት።

ይህ ኮርቲሶል የተባለው ዘገምተኛው የጭንቀት ሆርሞን ነገር ሊሆን ይችላል። ሃይፖታላመስ ከአንጎል ሥር ያለውን ዕጢ፣ ፒቱታሪን፣ ፒቱታሪ ደግሞ አድሬናልን ያዛል፤ ኮርቲሶል ከፍ የሚለው ከድንጋጤው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በኋላ ነው። ሲበዛ ራሱ አንጎልን «በቃ» ይለዋል። ዕዳው ወይም የቤት ውስጥ ጠቡ በየቀኑ ከቀጠለ ግን ትዕዛዙ አይቋረጥም፤ ስኳርና ግፊት ይጨምራሉ፣ ቁስል ለመዳን ይዘገያል።

መፍትሄ፦ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ይነሱ። ፀሐይ ሳትበረታ፣ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ፣ በከዚራ ሰፈር ጥላ ስር 30 ደቂቃ ይራመዱ። ዕዳው ላይ ግን ቁጭ ብሎ መነጋገር የግድ ነው፤ የእግር ጉዞ አይከፍለውም።

ሐኪም የሚያስፈልገው፦ ደረት ላይ እንደ ድንጋይ የተጫነ ሕመም ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ ከተዛመተ ወዲያው ሆስፒታል ይሂዱ። ተቀምጠው እያረፉም የልብ ምትዎ በደቂቃ ከ100 በላይ ከሆነ ታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) እና ደም ማነስ ይመርመሩ። ፕሬድኒሶሎን (እንደ ኮርቲሶል የሚሠራ መድኃኒት) ለሳምንታት የወሰደ ሰው ደግሞ በድንገት አያቁም፤ የራሱ አድሬናል ሥራ ስለፈታ ኮርቲሶል ሊያጥረው ይችላል። ሐኪሙ መጠኑን ቀስ በቀስ ይቀንስለታል።