የቡሽ መክፈቻ ሙዚየም ስትገቡ ምን ታያላችሁ?

ሥራዬ አስተናጋጅነት ነው፤ የወይን ጠጅ መክፈቻ ከኪሴ አይጠፋም። ስለዚህ ወደ ደቡብ ፈረንሳይ የሚሄድ ሰው ሳገኝ ሜነርብ የምትባለውን የኮረብታ መንደር ሳታይ እንዳትመለስ እላለሁ። እዚያ ዶሜን ደ ላ ሲታዴል በሚባለው የወይን እርሻ ውስጥ፣ የፊልም ፕሮዲዩሰሩ ኢቭ ሩሴ-ሩዋር የሰበሰቧቸው ከ1,000 በላይ የቡሽ መክፈቻዎች አሉ።

ከአቪኞ ከተማ በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ባቡር መንደሩ ስለማይደርስ መኪና ተከራዩ። ኮረብታውን እንዳትወጡ፤ ሙዚየሙ ከግርጌው፣ በካቫዮን መንገድ ላይ ነው። የሚከፈትበትን ሰዓት አስቀድማችሁ አጣሩ።

ስትገቡ የዝሆን ጥርሱ፣ ቀንዱና የብር እጀታው ዓይናችሁን ይወስደዋል። እሱ ይቆያችሁ። መጀመሪያ ብረቱን እዩና አንድ ነገር ጠይቁ፦ ቡሹን የሚያወጣው ጉልበት ከየት ይመጣል?

ከተራዎቹ ጀምሩ። እጀታና ጠምዛዛ ብረት ብቻ ናቸው፤ ጠርሙሱን በጉልበት መሃል አጣብቆ በክንድ መጎተት ነው። ቀጥሎ ከጠምዛዛው በላይ ትንሽ ክብ ሳህን ያላቸውን ፈልጉ። እንግሊዛዊው ቄስ ሳሙኤል ሄንሻል በ1795 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ያገኙት በዚህች ነው። ሳህኗ ቡሹ ላይ ስትደርስ ብረቱ ከዚያ በላይ አይገባም፤ መጠምዘዙን ስትቀጥሉ ቡሹ ራሱ ይዞርና ከጠርሙሱ አንገት ይላቀቃል። እኔ እዚህ ጋ ብዙ እቆማለሁ። የጣት ጥፍር የምታህል ነገር ያን ሁሉ ትግል አቀለለች።

በ1802 ደግሞ የበርሚንግሃሙ ኤድዋርድ ቶማሰን መጣ። በእሱ መክፈቻ ወደ አንድ አቅጣጫ ማዞር ብቻ ነው፤ ብረቱ ይገባል፣ ቡሹም እየተሳበ ይወጣል። የጀርመናዊው ካርል ቪንከ የ1882 ሥራ እኔ ዛሬም የምይዘው ዓይነት ነው፦ እንደ ሰንጢ ይታጠፋል፣ ክንዱ የጠርሙሱን አፍ ይደገፍና ቡሹን ያነሳል።

አሁን ወደ እጀታዎቹ ተመለሱ። አንዳንዶቹ ጫፍ ላይ ብሩሽ ካያችሁ፣ ምድር ቤት የከረመ ጠርሙስ አንገት ላይ ያለውን አቧራ መጥረጊያ ነው። ጣት የማያህሉት ደግሞ ለሽቶና ለመድኃኒት ብልቃጥ ናቸው፤ እነሱም በቡሽ ይከደኑ ነበር።

እርሻው ወይኑንም ያስቀምሳል። የምትነዱ ከሆነ መትፊያ ዕቃ ጠይቁ፤ ወይን ቀምሶ መትፋት እዚያ ነውር አይደለም።