ያገለገለ የሆም ቴአትር ሪሲቨር ስትገዙ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የዲሽ ሪሲቨር ማለቴ አይደለም። የማወራው የቴሌቪዥንና የሌላ ዕቃ ድምፅ ተቀብሎ፣ አጉልቶ አምስት ወይም ሰባት ስፒከር ስለሚያንቀሳቅሰው፣ ያማሃ፣ ዴኖን፣ ሶኒ ወይም ኦንኪዮ የሚል ስም ስላለበት ከባድ ጥቁር ዕቃ ነው። መርካቶና ፒያሳ ዞር ዞር ብትሉ ታገኙታላችሁ፤ ቴሌግራም ላይም ይሸጣል። አሥርና አሥራ አምስት ዓመት ያገለገለ ጥሩ ሪሲቨር፣ ደህና ስፒከር ካገኘ፣ ዛሬ በካርቶን ታሽገው ከሚሸጡ ርካሽ ሳውንድባሮች በጣም ይበልጣል። ግን ብዙ ሰው ፊቱን አይቶ ይገዛል። መታየት ያለበት ጀርባው ነው።

ቮልቱን ሳያዩ መሰካት

የእኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ሪሲቨር 120 ቮልት ነው፤ ለጃፓን የተሠራው ደግሞ 100። እንዲህ ያለውን በቀጥታ ግድግዳ ላይ ከሰካችሁት፣ ዕድል ከቀናችሁ ፊውዙ ብቻ ይቃጠላል። ካልቀናችሁ የውስጡ ትራንስፎርመር ይሄዳል፤ ለአሮጌ ሞዴል ተተኪ ማግኘት ደግሞ አበሳ ነው።

ስፒናው አያታላችሁ። ጠፍጣፋው የአሜሪካ ስፒና ተቆርጦ ክብ እግር ያለው ሊገባለት ይችላል፤ ይህ ቮልቱን አይለውጥም። የመብራት ገመዱ የሚገባበት አጠገብ ያለውን ጽሑፍ በስልካችሁ ባትሪ እያበራችሁ አንብቡ። "230" ወይም "220-240" ካለ ለእኛ ይሆናል። አንዳንዱ ጀርባው ላይ ቮልት መምረጫ አለው፤ ወደ 220 ወይም 240 መዞሩን ሳታረጋግጡ አታብሩት።

120 ቮልቱን ለመውሰድ ከወሰናችሁ 220ውን ወደ 120 የሚያወርደውን የውጭ ትራንስፎርመር ዋጋ አብራችሁ ደምሩ። ጀርባው ላይ 500 ዋት የሚል ከሆነ ትራንስፎርመሩ 1000 ዋት ቢሆን ይሻላል። ለፀጉር ማድረቂያ የሚሸጡት ትንንሽና ቀላል ኮንቨርተሮች ለዚህ ሥራ አይሆኑም፤ ሪሲቨሩን ሊያበላሹት ይችላሉ። የምትፈልጉት ሲያነሱት የሚከብደውን፣ ውስጡ ብረትና የሽቦ ጥቅል ያለውን ነው። እኔ ግን ዋጋው ትንሽ ቢጨምርም የ220ውን እመርጣለሁ። ሳሎን ውስጥ ሁልጊዜ አብሮ የሚቀመጥ ሌላ ብረት የለም፤ አንድ ሰው ተሳስቶ ግድግዳው ላይ የመሰካቱም ስጋት የለም።

"በርቷል" ስለተባለ ብቻ መግዛት

ሻጩ ያበራዋል፣ መብራቱ ይታያል፣ ከፊት ሁለት ስፒከሮች ዘፈን ይለቃል። አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ገንዘቡን ያወጣል። አሮጌ ሪሲቨር ግን ብዙ ጊዜ በአንዴ አይሞትም፤ ቻናል በቻናል፣ ማለትም በየስፒከሩ መስመር ነው የሚደክመው። የፊቱ ግራና ቀኝ ደህና ሆኖ የመሃሉ ወይም የኋላው የሞተ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ አንድ ትንሽ ስፒከር፣ ከስልክ ወደ ቀይና ነጭ መሰኪያ የሚሄድ ገመድ እና አንድ የኤችዲኤምአይ ገመድ ይዛችሁ ሂዱ። መጀመሪያ ሲበራ ጆሯችሁን ስጡ። ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ውስጡ "ቀጭ" የሚል ድምፅ መሰማት አለበት፤ ሪሌ የሚባለው የውስጥ ማብሪያ ስፒከሮቹን ሲያገናኝ ነው። ካልተሰማ፣ ወይም ስክሪኑ "ፕሮቴክት" (ራሱን እየተከላከለ ነው) ብሎ ከጠፋ፣ ችግር አለ። ከዚያ ሜኑው ውስጥ የቴስት ድምፁን አስጀምሩና ስፒከራችሁን ከአንዱ ቻናል ወደ ሌላው እያዛወራችሁ ስሙ። ገመድ በምታዛውሩበት ጊዜ ሁሉ ሪሲቨሩ ይጥፋ። ሁለት የሽቦ ጫፎች ከተነካኩ ድምፁን አጉልቶ ወደ ስፒከር የሚልከው ትራንዚስተር ሊቃጠል ይችላል።

ድምፅ መጨመሪያው ሲዞር ኮሽኮሽ ካለ ብዙ ጊዜ አቧራ ነው፤ በኮንታክት ክሊነር (የኤሌክትሪክ መገናኛ ማጽጃ ስፕሬይ) ይጸዳል። አንዱ ቻናል ጠፍቶ ድምፁ ከፍ ሲል የሚመለስ ከሆነ የሪሌው መገናኛ ቆሽሿል። ይህም ይጠገናል፤ ግን ከዋጋው ላይ አስቀንሱ። ምንም ሳይጫወት ስፒከሩ "እምም" እያለ ከቀጠለ፣ ሌላ ገመድ ነቅላችሁም ካልጠፋ፣ እኔ ብሆን ትቼው እሄዳለሁ።

አትቸኩሉ ደግሞ። ሲሞቅ ብቻ የሚታይ ብልሽት አለ። ግማሽ ሰዓት እየተጫወተ ይቆይ፤ እናንተ አጠገብ ካለው ካፌ ማኪያቶ ጠጥታችሁ ተመለሱ። ስትመለሱ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ካለ ንግግሩ እዚያው ይቁም። ሻጩ "ወንድሜ፣ ካልሠራ እኔ ኃላፊ ነኝ" ካላችሁም ጥሩ ነው፤ የሳምንት መሞከሪያውን ደረሰኙ ላይ ይጻፍላችሁ።

"ኤችዲኤምአይ አለው?" ብሎ ማቆም

መሰኪያው መኖሩ ብቻ ብዙ አይነግራችሁም። የቴሌቪዥኑን ድምፅ በዚያው ገመድ ወደ ሪሲቨሩ የሚመልሰው ኤአርሲ የመጣው ከኤችዲኤምአይ 1.4 ጋር፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ ሪሲቨር ኤችዲኤምአይ ቢኖረውም ይህን አያደርግም። 4ኬ ምስልም ብዙዎቹ አሮጌ ሪሲቨሮች አያሳልፉም።

ይህን ሰምታችሁ ግን አትሽሹ። መፍትሔው ቀላል ነው። ዕቃዎቻችሁን ሁሉ በቀጥታ ቴሌቪዥኑ ላይ ሰኩ፤ ከቴሌቪዥኑ ወደ ሪሲቨሩ ድምፁን ብቻ በኦፕቲካል ገመድ (ድምፁን በብርሃን የሚያስተላልፈው ቀጭን ገመድ) ላኩ። ኦፕቲካል ዶልቢ ዲጂታል 5.1 እና ዲቲኤስ የሚባሉትን፣ ለአምስት ስፒከርና ለአንድ ሰብዉፈር የተከፋፈሉ የፊልም ድምፆች ይሸከማል። እንደ ዶልቢ ትሩኤችዲ ያሉትን ከፍተኛ ጥራት ያላቸውን አይችልም፤ ለአንድ ሳሎን ግን ልዩነቱ ብዙም አያሳስብም። ቴሌቪዥኑ ሴቲንግ ውስጥ የዲጂታል ድምፁ "ፒሲኤም" ላይ ከሆነ ወደ ዶልቢ ወይም አውቶ ቀይሩት። ይህን ያላደረገ ሰው የሚሰማው በሁለት ቻናል ብቻ ነው፤ ከዚያ "የኋላው ስፒከር ተበላሽቷል" ብሎ ሪሲቨሩን ጠጋኝ ቤት ይዞ ይሄዳል። አብዛኛው የዩቲዩብ ቪዲዮና የዲሽ ጣቢያ ደግሞ ከመነሻው ስቴሪዮ (ባለ ሁለት ቻናል) ነው፤ ለእሱ ድምፁን ወደ ሁሉም ስፒከሮች የሚያሰራጨውን ዶልቢ ፕሮ ሎጂክ የሚለውን አብሩ።

የኤችዲኤምአይ ቦርዱ ራሱ በአሮጌ ሪሲቨሮች ቶሎ ከሚበላሹት ክፍሎች አንዱ ነው፤ ሙቀት አይወድም። እያንዳንዱን መሰኪያ ሞክሩ። ኤችዲኤምአዩ ሞቶ ኦፕቲካሉ የሚሠራ ሪሲቨር በርካሽ ከተገኘ ለእኔ ጥሩ ግዢ ነው።

በዋት መታለል

"1000 ዋት" የሚል ተለጣፊ እርሱት። ጀርባው ላይ የሚወስደው ኃይል 300 ዋት ከሆነ 1000 ዋት ከየት ያመጣል? የታወቀ ሪሲቨር በአንድ ቻናል 80 ዋት፣ በ8 ኦም (ኦም የስፒከሩ የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ ነው) ካለ ለሳሎን ይበቃል። አንሱት፤ ጥሩው ሪሲቨር ከባድ ነው።

የዲቪዲ ሆም ቴአትር ስፒከሮችን መቀጠል

ቤት የተቀመጡ ትንንሽ ስፒከሮች ካሏችሁ ጀርባቸውን እዩ። ብዙዎቹ 3 ወይም 4 ኦም ናቸው። ሪሲቨሮች በአብዛኛው የሚፈልጉት ከ6 እስከ 8 ኦም ነው። ከዚያ ያነሰ ስታገናኙበት ከአቅሙ በላይ ይስባል፣ ይግላል፣ ራሱን ያጠፋል። ሰብዉፈራቸውም (የወፍራም ድምፅ ስፒከሩ) ብዙ ጊዜ የራሱ አምፕ፣ ማለትም ድምፅ ማጉያ ስለሌለው ከሪሲቨሩ የሰብዉፈር መሰኪያ ጋር አይሠራም።

ሪሞቱን እንደ ትርፍ ማየት

ብዙ አሮጌ ሞዴሎች ያለ ሪሞት የስፒከር ርቀትና መጠን ማስተካከያ ውስጥ አያስገቡም። የራሱ ሪሞት ከጠፋ፣ በገበያ የሚሸጠው ሁሉን አቀፍ ሪሞት ያንን ሜኑ መክፈቱን እዚያው ሞክሩ። የስፒከሮቹን ድምፅ ለክቶ የሚያስተካክለው ማይክ ካለ ጠይቁ፤ ባይኖር ግን ርቀቱን በሜትር ለክታችሁ ራሳችሁ ማስገባት ትችላላችሁ።

ቡፌውን ሳይለኩ መግዛት

የሪሲቨሮቹ ስፋት 43 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፤ ወደ ውስጥ ደግሞ ከ30 እስከ 40 ሴንቲሜትር ይሄዳሉ። ከኋላ ለገመዶቹ ቦታ ጨምሩ። በር ባለው ቡፌ ውስጥ አትክቱት። አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ስስ አየር ሙቀትን ተሸክሞ የማውጣት አቅሙ ያንሳል። ከላዩ ቢያንስ 10 ሴንቲሜትር ይተው፤ ዲኮደርም ሆነ ዳንቴል አይደረብበት። መብራት ሲሄድ ደግሞ ስፒናውን ንቀሉት፤ ተመልሶ ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቃችሁ ሰኩት።