የፈጣን ምግብ ቤት ግብዓት ሲያጥር ሥራው እንዳይቆም እንዴት ይደረጋል?

ዶሮ የሚሸጥ ቤት ዶሮ አለቀበት ሲባል፣ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ዶሮ ከገበያ እንደጠፋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በብሪታንያ የሆነው ግን ሌላ ነው። የተጠበሰ ዶሮ የሚሸጠው ኬኤፍሲ በፌብሩዋሪ ወር የማከፋፈል ሥራውን ለአዲስ ድርጅት ሰጠ። አዲሱ አከፋፋይ ዕቃውን የሚያወጣው ራግቢ በምትባል ከተማ ካለ አንድ መጋዘን ነበር። እዚያ ሥራው ሲዘበራረቅ፣ ከ900 ገደማ ቅርንጫፎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በራቸውን ዘጉ። ዶሮው ነበረ። ከመጋዘን ወጥቶ ኩሽና የሚደርስበት መንገድ ነው የተዘጋው።

ብዙ ጊዜ እጥረት የሚባለው ይኸው ነው። ምግቡ አለ፣ መንገዱ ጠቧል። ስለዚህ ትንሽ በርገር ቤት ያለዎት ቢሆኑ፣ ቅርንጫፍ የሚያስተዳድሩ ወይም ለመክፈት የሚያስቡ ቢሆኑ፣ ዝግጅቱን ፍሪጅ በመሙላት አይጀምሩ። መንገዱን በማወቅ ይጀምሩ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

1. ሜኑውን በትነው ይጻፉት

በብዛት የሚሸጡትን አምስት ምግቦች ይምረጡ። እያንዳንዱ ምን ምን እንደሚገባበት እስከ መጨረሻው ይጻፉ። ዳቦው፣ ሥጋው፣ አይቡ፣ ሶሱ፣ መጥበሻ ዘይቱ። መጠቅለያ ወረቀቱንና የኩባያ ክዳኑንም አይርሱ። በ2021 አሜሪካ ውስጥ በትንንሽ ፓኬት የሚታሸግ ካቻፕ ጠፍቶ ነበር። በኮቪድ ወረርሽኝ ምክንያት ሰው ምግቡን ይዞ መሄድ ስላበዛ የፓኬት ፍላጎቱ በአንዴ ጨመረ። ካቻፕ አምራቹ ሄንዝ ምርቱን በ25 በመቶ አሳድጎ በዓመት ከ12 ቢሊዮን ፓኬት በላይ ለማድረስ እንደሚሠራ አስታውቆ ነበር። ቲማቲም አልጠፋም። የጠፋው ማሸጊያው ነው።

ቀጥሎ በእያንዳንዱ ግብዓት ፊት አራት ነገር ይሙሉ። ከማን ነው የሚመጣው? እሱስ ከየት ያመጣዋል? ታዞ እስኪደርስ ስንት ቀን ይፈጃል? ሳይበላሽ ስንት ቀን ይቆያል?

ሁለተኛዋን ጥያቄ አብዛኛው ሰው ይዘላታል። ለእኔ ዋናዋ እሷ ናት። ሁለት አቅራቢ ይዣለሁ ብለው ሊተማመኑ ይችላሉ። ሁለቱም ከአንድ አስመጪ የሚያወጡ ከሆነ ግን ያለዎት አንድ አቅራቢ ነው። ደውለው በቀጥታ ይጠይቁ። መልስ የማይሰጥ አቅራቢ ራሱ አንድ መረጃ ነው።

ሲጨርሱ ከአንድ በላይ ምግብ ውስጥ የሚገቡትን በቀይ ያክብቡ። ሽንኩርት ቢያልቅ በርገሩ ይሸጣል። ዘይት ካለቀ ችፕሱም ዶሮውም አብረው ይቆማሉ።

2. መቼ እንደሚያዙ በቁጥር ይወስኑ

"ሲያንስ እናዛለን" የሚባለው አሠራር በደህና ቀን ያስኬዳል። መኪና ሲዘገይ ግን ጉድ ይሠራል። ሒሳቡ ከባድ አይደለም። የቀዘቀዘ ችፕስ በቀን በአማካይ 30 ኪሎ ይሸጣሉ እንበል። ገበያው ሲደራ 40 ይደርሳል። ዕቃው ሲታዘዝ በ4 ቀን ይመጣል፣ ሲብስበት 6 ቀን ይፈጃል። ትልቁን ሽያጭ በረጅሙ ቀን ያባዙ፤ 40 ሲባዛ በ6፣ 240 ኪሎ ይሆናል። ክምችትዎ 240 ኪሎ ላይ ሲደርስ ያዛሉ። በተለመደው ጊዜ ዕቃው እስኪመጣ 120 ኪሎ ይሸጣሉ፣ የቀረው 120 መጠባበቂያዎ ነው። ቁጥሩን በትልቁ ጽፈው ማቀዝቀዣው በር ላይ ይለጥፉት። እርስዎ ባይኖሩም ያለው ሰው ያያል።

ይህ ሒሳብ የሚሠራው ለሚቆይ ዕቃ ነው። ለሰላጣ ቅጠል የሁለት ሳምንት መጠባበቂያ መያዝ ገንዘብ መጣል ነው። በሜይ 2020 በአሜሪካ የቄራ ሠራተኞች በኮቪድ ታመው ቄራዎች ሲዘጉ፣ ዌንዲስ የተባለው በርገር ቤት አንዳንድ ቅርንጫፎች የበሬ ሥጋ አልቆባቸው ነበር። ዌንዲስ የሚታወቀው ያልቀዘቀዘ ትኩስ ሥጋ በመጠቀሙ ነው። ትኩስ ሥጋ ደግሞ አይከማችም። ለእንደዚህ ዓይነቱ ግብዓት መጠባበቂያው መጋዘን ውስጥ የለም፣ ምትኩ ላይ ነው።

3. ምትኩን ዋናው ሳያልቅ ይሞክሩት

እዚህ ላይ ጊዜ ይስጡ። በጃንዋሪ 2022 ኬንያ ያለው ኬኤፍሲ ችፕስ አለቀበት። ድንቹ ከውጭ ነበር የሚመጣው፣ መርከብ ዘገየ። የአገሩ ገበሬዎች ግን ድንች ነበራቸው። ሕዝቡ በጣም ተቆጣ። ድርጅቱ የሰጠው ምክንያት፣ አቅራቢ ሁሉ የጥራት ፍተሻ ማለፍ እንዳለበትና ያ በአንድ ቀን የሚያልቅ እንዳልሆነ ነው። ምክንያቱ እውነት ነው። ፍተሻው ግን ቀድሞ ሊሠራ ይችል ነበር። ቅርብ ያለ ግብዓት የሚያድነው ቀድመው ከተዋወቁት ብቻ ነው።

የድንቹን ነገር ጠጋ ብለን እንየው። ተቆርጦ የቀዘቀዘ ችፕስ የለመደ ኩሽና በአንድ ጠዋት ወደ ጥሬ ድንች ልዙር ቢል ይቸገራል። ጥሬው ይላጣል፣ ይቆረጣል፣ ስታርቹ (ውኃውን ነጭ የሚያደርገው ዱቄት መሰል ነገር) እስኪለቅ ይታጠባል፣ በደንብ ይደርቃል። ከዚያ ሁለት ጊዜ ይጠበሳል። መጀመሪያ ለስለስ ባለ ሙቀት ውስጡ ይበስላል፣ ቀጥሎ 180 ዲግሪ አካባቢ ውጪው ይደርቃል። ድንቹን ፍሪጅ ውስጥ ያስቀመጠ ሰው ደግሞ ሌላ ችግር ይጠብቀዋል። በቅዝቃዜ ስታርቹ ወደ ስኳር ይለወጣል፣ ሲጠበስ ውስጡ ሳይበስል ውጪው ይጠቁራል፣ ይመራል። ጨለማና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ይበቃዋል። ይህን ሁሉ ደንበኛ ተሰልፎ ሳለ መማር አይቻልም። ሥራ ቀዝቀዝ ባለበት ቀን ይሞክሩት፣ ሰዓቱን ይያዙ፣ ሠራተኛውን ያቅምሱ።

በ2022 አውስትራሊያ ውስጥ ጎርፍ ሰላጣውን ሲያጠፋው፣ ኬኤፍሲ ሰላጣና ጥቅል ጎመን ቀላቅሎ ሠራ። ያልወደደው ደንበኛ ብዙ ነበር። ያም ሆኖ በርገሩ ከሜኑ አልወጣም። ጎመን ሲያኝኩት ይንኮሻኮሻል፣ ቶሎም አይጠወልግም። ቅጠሉ ግን ጠንካራ ስለሆነ በቀጭኑ መከተፍ አለበት።

በምትክ ጉዳይ አንድ ነገር በፍጹም አይታለፍም፤ አለርጂ። ዘይት ወይም ሶስ ሲቀይሩ ኦቾሎኒ፣ አኩሪ አተር፣ ሰሊጥ፣ ሰናፍጭ፣ ወተት ወይም እንቁላል እንዳይገባበት ጽሑፉን እስከ መጨረሻው ያንብቡ። ከገባ ሜኑው ላይ ይጻፉ፣ ካሸሩም ይወቀው። ይህ የሰው ሕይወት ነው።

4. ሁለተኛ አቅራቢ ይያዙ፣ ሥራም ይስጡት

ስልክ ቁጥር መያዝ ብቻ አቅራቢ መያዝ አይደለም። ዕቃ ሲጠፋ አቅራቢ መጀመሪያ የሚያስበው የዘወትር ደንበኛውን ነው። ስለዚህ ዋጋው ትንሽ ከፍ ቢልም ከትዕዛዝዎ የተወሰነውን ክፍል ሁልጊዜ ለሁለተኛው ይስጡ። የሚመጣበት መንገድና የሚያጓጉዝለት መኪናም የተለየ ቢሆን ይመረጣል። በኦገስት 2021 በብሪታንያ የማክዶናልድስ ሚልክሼክ የጠፋው በከባድ መኪና ሾፌር እጥረት ነው። ሁለቱም አቅራቢዎችዎ አንድ አጓጓዥ ላይ ከተንጠለጠሉ፣ ሾፌር ሲጠፋ ሁለቱም አብረው ይቀራሉ።

5. እጥረቱ ሲመጣ

መጀመሪያ እጥፍ ለማዘዝ አይሩጡ። ወሬው ሲሰማ ሁሉም እጥፍ ካዘዘ፣ አቅራቢው የሌለ ፍላጎት ያያል፣ ያለችውን ለሁሉም ይቆራርሳል፣ እጥረቱ ይባባሳል። ከሁለት ወር በኋላ ደግሞ ያ ሁሉ ዕቃ አንዴ ይመጣና መጋዘን ውስጥ ይበላሻል። የሚፈልጉትን በሐቅ ይንገሩት፣ ቀኑንም ያስረግጡ።

ቀጥሎ ያለውን ይቁጠሩና በቀን ያካፍሉ። ዕቃው በ6 ቀን ይመጣል ከተባለና 150 ኪሎ ችፕስ ካለዎት፣ በቀን 25 ኪሎ ነው የሚሸጡት። እንዴት ይብቃቃ? የጃፓኑ ማክዶናልድስ በዲሴምበር 2021 ያደረገው ጥሩ ትምህርት ነው። በካናዳ ቫንኩቨር ወደብ አካባቢ በደረሰው ጎርፍና በመርከብ መዘግየት ድንቹ ሲቆይበት፣ ለጊዜው ትንሹን መጠን ብቻ ሸጠ። ሁሉም ሰው ትንሽ አገኘ። ለጥቂቱ ትልቅ ሰጥቶ የቀረውን ባዶ ከመመለስ ይህ በእጅጉ ይሻላል።

6. ዕቃ መቀበያው በር ላይ አይላሉ

እጥረት ሲኖር ሰው ያገኘውን ሁሉ መቀበል ያምረዋል። ጥራት የሚወርደው ያኔ ነው። ቴርሞሜትሩን በሁለት ማሸጊያዎች መሃል ያስገቡ። ትኩስ ሥጋና ወተት 5 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች፣ የቀዘቀዘው ከዜሮ በታች 18 አካባቢ መሆን አለበት። የችፕሱ ከረጢት ውስጥ በረዶ ተጋግሮ፣ ችፕሱም እርስ በርሱ ተጣብቆ ካገኙት፣ መንገድ ላይ ቀልጦ እንደገና ቀዝቅዟል ማለት ነው። ይመልሱት፤ ባዶ መደርደሪያ ይሻላል። የተቀበሉትንም ከኋላ ይደርድሩ፣ ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይውጣ።

7. ለደንበኛው ከመክፈሉ በፊት ይንገሩት

ሰውን የሚያናድደው "አልቋል" መባሉ ብቻ አይደለም፤ ተሰልፎ፣ መርጦ፣ ከፍሎ ከጨረሰ በኋላ መባሉ ነው። የጎደለውን መግቢያው ላይ ይለጥፉ፣ በስልክ ከሚታዘዝበት መተግበሪያ ላይም ያውጡት። ካሸሩ "የለም" ብሎ ዝም አይበል፤ "ችፕስ ማታ ይመጣል፣ አሁን በዚህ ፈንታ ሰላጣ አለን" ይበል። መቼ እንደሚመጣ ካልታወቀ ቀን አይፍጠሩ።

ዕቃው ሲመለስ ምግቡን በዚያው ሰዓት ሜኑ ላይ አይመልሱት። የመጀመሪያው ጭነት ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው፤ ሰው ደግሞ ናፍቆ ስለሚቆይ በአንድ ቀን ይጨርሰዋል። ክምችቱ በሩ ላይ የለጠፉት ቁጥር እስኪደርስ በትንሹ መጠን መሸጡን ይቀጥሉ።